ለመድረክ ዝግጅት የትኛው የኤሌክትሪክ ገመድ ይሻላል? አንድ ጥያቄ፣ 32 መልስ

ኢንተርኔት ላይ በአንድ የውይይት ገጽ ጥያቄውን ያነሳው ድምፅና መብራት ማከራየት በቅርቡ የጀመረ ልጅ ነው። ከግድግዳው ሶኬት እስከ መድረኩ 50 ሜትር አለ። መድረኩ ላይ አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ያለ ሁለት ስፒከሮች፣ አንድ ሚክሰርና የተወሰኑ የኤልኢዲ መብራቶች ይቆማሉ። ሲደምረው 2,300 ዋት ገደማ ሆነ። በ230 ቮልት 10 አምፒር ማለት ነው። ሁለት ገመድ አይቷል። አንደኛው ነጭ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ጥቁር ጎማ የለበሰ ባለ 2.5 ነው። ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። የሁለቱም ስፒና ላይ 16 አምፒር ተጽፏል። ታዲያ 10 አምፒር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቀጭኑ ምን አነሰው?

ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረጅም ነው። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ አንዳንዱን እዘላለሁ።

መልስ 1 በሰላምታ ጀመረ። ጥቁሩን እንዲገዛ መከረው፤ ምክንያቱንም ገመዱ ላይ ከታተመው ጽሑፍ አወጣ። ጥቁሩ ኤች07አርኤን-ኤፍ ይላል። 07 ለ450/750 ቮልት መሠራቱን ያሳያል። አር ሲባል የውስጥ መሸፈኛው ጎማ ነው። ኤን የውጪው ልባስ ኒዮፕሪን መሆኑን ይናገራል፤ ዘይትና ፀሐይ የሚችል ጎማ ነው። ኤፍ ሽቦው ከቀጫጭን ክሮች የተሠራ ተጣጣፊ ነው ማለት ነው። ነጩ ግን ኤች05ቪቪ-ኤፍ ነው። ለ300/500 ቮልት፣ ውስጡም ውጪውም ፒቪሲ። ለቤትና ለቢሮ ዕቃ ደህና ነው። ሰው የሚረግጠው፣ የዕቃ ጋሪ የሚያልፍበት፣ ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ግን የእሱ አይደለም።

መልስ 2 በዚህ ተስማምቶ የራሱን ጨመረ። ፒቪሲ ብርድ ሲያገኘው ይደርቃል። ሲዘረጋም እንደ ጥቅሉ ይቀራል፣ ቀለበት እየሠራ ከመሬት ይነሳል። ቀለበቱ ውስጥ የሰው እግር ይገባል። ጎማው መሬት ላይ ልጥፍ ይላል። ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ግን ጎማም ቢሆን ራምፕ (ገመድ የሚሸፍን መረማመጃ) ውስጥ እንዲገባ አሳስቧል።

መልስ 3 ነገሩን ከልባሱ ወደ ርዝመቱ አዞረው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ገደማ ተቃውሞ አለው። ከረንቱ 50 ሜትር ሄዶ 50 ሜትር ይመለሳል፤ የሚቆጠረው 100 ሜትር ነው። በ1.5 ሽቦ 1.17 ኦም ይመጣል። በ10 አምፒር 11.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ230ው 5 በመቶ። በ2.5 ሽቦ 0.7 ኦም፣ 7 ቮልት፣ 3 በመቶ። ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶውን ለጥፎታል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል።

መልስ 4 የጠያቂው ነው። ልጁ የተነገረውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚውጥ አይደለም፤ ወድጄዋለሁ። ዕቃዎቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠሩ ተጽፏል። 218 ቮልት ቢደርሳቸው ምን ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ ገመድ የሚወራው ብዙውን ጊዜ የቮልት መውረድ ላይ ቆሞ የሚቀረው ይህን የሚጠይቅ ሰው ስለሚጠፋ ነው።

መልስ 5 ላይ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጻፈችው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ ለልጁ አመነችለት። ለእነዚያ ዕቃዎች 218 ቮልት ምንም አይደለም፤ ትንሽ ተጨማሪ ከረንት ይስባሉ እንጂ ሥራቸውን ይሠራሉ። ከዚያ ግን ገመድ የሚመረጠው ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ለሚያልፍበት ከረንት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳች። ነገር ሲበላሽስ? ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ተልጦ የስፒከሩን ብረት ነካ እንበል። ከረንቱ በፌዝ መጥቶ በኧርዝ (ከመሬት ጋር በተያያዘው የመከላከያ ሽቦ) ይመለሳል። ብሬከሩ (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ቶሎ እንዲመታ ይህ ከረንት ትልቅ መሆን አለበት። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ተቃውሞው ከረንቱን ያንቀዋል። ብሬከሩ ሾርት መሆኑን አያውቅም፤ ከበድ ያለ ጭነት የመጣ ይመስለዋል።

ቁጥሩንም አስቀመጠች። ሲ ዓይነት ባለ 16 አምፒር ብሬከር ያለ ጥርጥር ወዲያው የሚቆርጠው ከረንቱ አሥር እጥፍ፣ 160 አምፒር፣ ሲደርስ ነው። ቢ ዓይነቱ አምስት እጥፍ፣ 80 አምፒር፣ ይበቃዋል። ከሶኬቱ በስተኋላ ያለውን ተቃውሞ 0.5 ኦም አድርጋ ወሰደች። በ1.5 ገመድ ድምሩ 1.67 ኦም ሆነ። 230 ለዚያ ሲካፈል 138 አምፒር። ሲ ብሬከሩ በዚህ ሊመታ ይችላል፣ ላይመታም ይችላል። ካልመታ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ሰከንዶች ያልፋሉ። በ2.5 ገመድ ድምሩ 1.2 ኦም፣ ከረንቱ 192 አምፒር። ይመታል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ አይኢሲ 60364 ኧርዙ ከምንጩ ጋር በሽቦ ለተያያዘ የ230 ቮልት ተራ የሶኬት መስመር የሚፈቅደው 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የስፒከሩ ብረት ላይ ቮልት አለ። ሰው ሊነካው ይችላል።

ይህን ክር ለማስታወስ የፈለግሁት በዚህ መልስ የተነሳ ነው። ስፒናው ላይ የተጻፈው 16 አምፒር ስለ ስፒናው ነው የሚናገረው። 50 ሜትር ወዲያ ማዶ ሾርት ሲፈጠር ምን እንደሚሆን አይናገርም።

መልስ 6 አልተዋጠለትም። ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ካለ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን ያስፈልጋል ነው ክርክሩ። አርሲዲ በሄደውና በተመለሰው ከረንት መካከል ያለውን ልዩነት ነው የሚያየው። ፌዝ ኧርዝ ሲነካ የገመዱ ውፍረት ምንም ይሁን ምን በቅጽበት ይቆርጣል። ልክ ነው፣ ስህተት የለበትም።

መልስ 7፣ ያችው ባለሙያ፣ ግማሹን ተቀበለችው። ፌዝና ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) እርስ በርስ ሲነካኩ ግን የሄደው ሁሉ ይመለሳል። ልዩነት የለም፤ አርሲዲው ዝም ይላል። ገመዱን የሚያድነው ብሬከሩ ብቻ ነው፤ ያው የርዝመት ጣጣ ተመልሶ ይመጣል። ደግሞም አርሲዲ ይበላሻል። የመሞከሪያ ቁልፉን ከእያንዳንዱ ዝግጅት በፊት የሚጫን ሰው ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ የመለሰ የለም።

መልስ 8 በጨዋ ደንብ እርማት አመጣ። በ5 ላይ ያለው ቁጥር የቀዝቃዛ መዳብ ነው። ሽቦው ሠርቶ 70 ዲግሪ ሲደርስ ተቃውሞው በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንደገና ሲያሰላው 2.5ቱ 171 አምፒር ሰጠ፣ አሁንም ያልፋል። 1.5ቱ ወደ 121 ወረደ። ባለሙያዋ አመሰገነችው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎና በአክብሮት ነበር።

መልስ 9 የገጠመውን አወጋ። አንድ ዝግጅት ላይ ሪል ላይ የተጠቀለለ ማራዘሚያ ነበር። ርቀቱ አጭር ስለሆነ ጥቂት ሜትር ብቻ ተፈታ፣ ሌላው እንደተጠቀለለ ቀረ። የድሮ ባለ ትልልቅ አምፖል መብራቶች ተሰኩበት። ከጊዜ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሲያዩት ውስጠኛው ገመድ እርስ በርሱ ቀልጦ ተጣብቋል፤ አንድ ድፍን ነገር ሆኗል። ብሬከሩ አልመታም። ከ16 አምፒር በላይ አልሄደበትማ።

መልስ 10 ምክንያቱን አውቀዋለሁ ባይ ነው። የተጠቀለለ ሽቦ ማግኔት ይሆናል፤ ማግኔቱ ደግሞ ገመዱን ያሞቀዋል የሚል ትንታኔ ሰጠ።

መልስ 11 ይህን ሲያይ ትዕግሥት አጣ። ፌዙና ኒውትራሉ አንድ ልባስ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለሳል፣ ማግኔታቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሌላውን ባያስተምር ይሻላል ብሎ ደመደመ። አነጋገሩ ከፋ እንጂ ፊዚክሱ ትክክል ነው።

መልስ 12 የ10ኛው ሰውዬ ነው። ተቀየመ። አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። የልምዱን ዘመን ጠቀሰ፣ የ11ኛውን ዕድሜ ጠረጠረ፤ ስለ ገመድ አንድም ቃል የለውም።

መልስ 13 ገብቶ ገላገለ። ሒሳቡ ራሱ ይበቃል ባይ ነው። 50 ሜትር ባለ 1.5 ገመድ 1.17 ኦም አለው። 16 አምፒር ሲያልፍበት ወደ 300 ዋት ሙቀት ያወጣል። ተዘርግቶ ሲተኛ ለእያንዳንዱ ሜትር 6 ዋት ነው፣ አየሩ ይወስደዋል። ተጠቅልሎ ሲቀር ግን 300 ዋት ማሞቂያ በብርድ ልብስ እንደ መጠቅለል ነው። ለዚህም ነው ሪሎች ላይ ሁለት ቁጥር የሚጻፈው። ብዙዎቹ ተጠቅልለው 1,000 ዋት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትተው ከ3,000 ዋት በላይ ይላሉ። ትርፉን ገመድ መሬት ላይ ሰፋ አድርጎ መዘርጋት እንጂ ሪሉ ላይ መተው አይገባም። ስለ ማግኔቱ አንድም ነገር አላነሳም። ብልህ ሰው ነው።

መልስ 14 ላይ የመብራት ባለሙያ የሆነች ሴት መጣች። ሁላችሁም ስለ ሽቦው ታወራላችሁ፣ ጫፉን ማን ያየዋል የሚል ነው ቅሬታዋ። መብራቶች ላይ የሚገጠመው ፓወርኮን የሚባለው ሰማያዊና ግራጫ የኃይል መገናኛ ከረንት እያለፈበት የሚነቀል አይደለም። ሰማያዊው የመግቢያ፣ ግራጫው የመውጫ ነው። ትሩ ዋን የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ጭነት እያለበትም ቢነቀል እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ለትላልቁ መስመር ደግሞ የአይኢሲ 60309 ስፒናዎች አሉ። ቢጫው ለ110፣ ሰማያዊው ለ230፣ ቀዩ ለ400 ቮልት ነው። በ16፣ በ32፣ በ63ና በ125 አምፒር ይመጣሉ። መጠናቸው ስለሚለያይ የ16ቱን 32ቱ ውስጥ በስህተት መሰካት አይቻልም።

መልስ 15 እዚያው ላይ ተንጠላጠለ። በስህተት አይቻልም፣ ሆን ብሎ ግን ይቻላል። በአንድ ጫፉ ባለ 32 ስፒና፣ በሌላው ባለ 16 ሶኬት፣ መሀሉ ላይ ምንም ብሬከር የሌለው አጭር ገመድ ስንት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል አለ። ከኋላ ያለው ብሬከር 32 ነው። ቀጭኑ ገመድ 25 አምፒር ቢጫነው የሚከላከልለት የለም፤ ዝም ብሎ ይሞቃል። እሱ እንዲህ ያለ ገመድ ባገኘ ቁጥር ስፒናውን ቆርጦ ነው የሚጥለው። የሌላ ሰው ንብረትም ቢሆን። ይህ የመጨረሻው ነገር ሌላ ክርክር ሊያስነሳ ይችል ነበር፣ ግን ማንም አላነሳውም።

መልስ 16 ወደ ነጩ ገመድ ተመለሰ። እዚህ ድረስ ሁሉም መዳብ ነው ብለው ነው ያሰሉት። ካልሆነስ? ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በሰፊው ይሸጣል። ተቃውሞው ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ተደጋግሞ ሲታጠፍ ክሮቹ ይበጠሳሉ። የመድረክ ገመድ ደግሞ ዕድሜው በመታጠፍና በመዘርጋት ነው የሚያልቀው። መለያውን አሳየው። 50 ሜትር ባለ ሦስት ሽቦ 1.5 ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 2 ኪሎ ይመዝናል። ከነፕላስቲኩ ተመዝኖ ወደዚያ እንኳን የማይጠጋ ከሆነ መዳብ የለበትም።

መልስ 17 የጠያቂው ነው። ከነጩ ገመድ ቁራጭ አግኝቶ ጫፉን ላጠው፣ አንዱን ክር በምላጭ ፋቀው። ውስጡ ነጭ ወጣ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ግን ይታያል።

መልስ 18 ተጣድፎ ፍርድ እንዳይሰጥ መከረው። ቆርቆሮ የተቀባ መዳብም ነጭ ይመስላል። እሱ ግን ውጪው ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ይወጣል። የዚህ ውጪው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ጥርጣሬ ካለ ይለካ። ሁለት ሽቦ በአንድ ጫፍ አገናኝቶ በሌላው ጫፍ ሲለካ 50 ሜትር ባለ 1.5 መዳብ 1.17 ኦም አካባቢ መስጠት አለበት። 1.8 ወይም ከዚያ በላይ ካለ ወይ አሉሚኒየም ነው ወይ ውፍረቱ ተሰርቋል። የመለኪያው የራሱ ሽቦዎችም ትንሽ ተቃውሞ ስላላቸው መጀመሪያ እርስ በርስ አነካክቶ ያንን መቀነስ ያስፈልጋል። ጠቃሚ መልስ ነው። ልጁ ግን ነጩን ገመድ በልቡ ቀብሮት ነበርና አልለካም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የጠነከረው።

መልስ 19 የመጣው አዲስ ሰው ስለ ገመድ ምርጫ አልጻፈም። ስፒከሩ ላይ እምምም የሚል ድምፅ ለሚያስቸግራቸው አንድ ዘዴ አለኝ አለ። የስፒናውን ኧርዝ በፕላስተር መሸፈን። ድምፁ ወዲያው ይጠፋል።

መልስ 20 ጮኸ። በጽሑፍም መጮህ ይቻላል። ይህ ምክር ሰው ይገድላል፣ አስተዳዳሪው ባለበት ይሰርዘው ብሎ ጠየቀ። በ1972 እ.ኤ.አ. ሌስ ሃርቪ የተባለው የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት በዌልስ ከተማ ስዋንዚ ውስጥ መድረክ ላይ ኧርዝ ያልተደረገ ማይክ ነክቶ በኤሌክትሪክ መሞቱን አስታወሰ። ጊታር የያዘ ሰው አንድ እጁ ክሮቹ ላይ ነው። ክሮቹ በአምፕሊፋየሩ በኩል ከኧርዝ ጋር ተያይዘዋል። ማይኩ ላይ ቮልት ካለና ሌላው እጁ ወይም ከንፈሩ ከነካው ከረንቱ በደረቱ ያልፋል። 19ኛው ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጻፈም።

እኔም ከ20ኛው ጋር ነኝ፤ ቁጣው አይበዛበትም። ኧርዝ ሲቆረጥ ዕቃው መሥራቱን ይቀጥላል። ጥፋቱ እንዳይታይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሌላ ሽቦ ቢቆረጥ መብራቱ ይጠፋል፣ ሰው ያውቃል። ኧርዝ ተቆርጦ ግን ገመዱ ለወራት ሥራ ላይ ሊቆይ ይችላል።

መልስ 21 ምክንያቱን በእርጋታ አስረዳ። ድምፁ የሚመጣው ሚክሰሩና ስፒከሩ ኧርዝ የሚያገኙት ከተለያየ ቦታ ሲሆን ነው። በሁለቱ ኧርዝ መካከል ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ በድምፅ ገመዱ መከለያ በኩል ከረንት ይሄዳል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ኃይል መስጠት ነው። ካልተቻለ የዲአይ ሳጥኑ (የሙዚቃ መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ላይ ያለውን የኧርዝ ማላቀቂያ መጠቀም፣ ወይም የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት። የሚላቀቀው የድምፅ ገመዱ መከለያ ነው እንጂ የኃይሉ ኧርዝ አይደለም። የድምፅና የኃይል ገመዶች ጎን ለጎን እንዳይሄዱ፣ መገናኘት ግድ ከሆነም በመስቀለኛ እንዲያልፉም መከረ።

መልስ 22 መብራቶቹ ሁሉ ሲበሩ አርሲዲው ለምን ያለ ምክንያት እንደሚመታ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ራሱ መለሰው። ጥያቄውን ለመመለስ ያነሳው ይመስለኛል። የእያንዳንዱ ኤልኢዲ ኃይል መስጫ በማጣሪያው በኩል ትንሽ ከረንት ወደ ኧርዝ ያፈሳል። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ብዙ ሲሆኑ ይደመራል። ባለ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ከ15 ጀምሮ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚፈሰው ከ9 ሚሊአምፒር እንዳይበልጥ ይመከራል። መብራቶቹን ለብዙ አርሲዲ ማካፈል ነው መድኃኒቱ። አርሲዲውን ማንሳት ወይም ባለ 300 መቀየር አይደለም።

መልስ 23ን የጻፉት ከአነጋገራቸው በዕድሜ የገፉ ይመስላሉ። ክሩ ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ጨርሶ አላነሱም። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ለሚመኙ ወጣቶች ነው ምክራቸው። የ32 አምፒር ገመድ በ6፣ የ63ቱ በ16፣ የ125ቱ በ35 ካሬ ሚሊሜትር ይሠራል፤ ከዚያ በታች ሲያዩ ይጠይቁ። ዲመርና የኤልኢዲ ኃይል መስጫ የሚፈጥሩት ሦስተኛ ሃርሞኒክ (ከዋናው በሦስት እጥፍ ፍጥነት የሚወዛወዝ ከረንት) ኒውትራሉ ላይ አይጣፋም፣ ይደመራል። ስለዚህ የቀጠነ ኒውትራል ያለው ገመድ ለመብራት አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ግን ኒውትራሉ ሲላቀቅ ነው። ሁለት ፌዝ ላይ ያሉት ዕቃዎች በ400 ቮልት ላይ ተከታትለው የተሰኩ ይሆናሉ። ብዙ የጫነው በኩል ቮልቱ ይወርዳል፣ ጥቂት የጫነው በኩል ወደ ላይ ይተኮሳል። የሚቃጠሉት በዚያ በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ዕቃዎች ናቸው፤ እሳቸው ዕቃ ሲቃጠል አይተዋል። ነጠላ ነጠላ ሆነው በሚሰኩት ትላልቅ መገናኛዎች መጀመሪያ ኧርዝ፣ ቀጥሎ ኒውትራል፣ ከዚያ ፌዞቹ ይገባሉ። ሲነቀል በተቃራኒው። ይህንንም የሚሠራው ኃይሉ ጠፍቶ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ልጆች ብለው ጠርተው፣ ቸኩሎ የሚሰካ ሰው መድረክ ላይ ቦታ የለውም ብለው ተሰናበቱ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ከመልስ 24 እስከ 27 ያለው ሁሉ ስለ አጠቃለል ነው። ጥያቄው ስለ ግዢ ነበር፣ ግን እንዲህ ነው። ክርን ላይ እየተጠመጠመ የሚታሰር ገመድ በእያንዳንዱ ዙር ይጠመዘዛል። ከጊዜ በኋላ የውስጡ ሽቦዎች ይተላለፋሉ፣ ገመዱ እባብ ይመስላል፣ አንዱ ሽቦ ይበጠሳል። አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር አድርጎ መጠቅለል ጥምዝምዙን ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ሁሉም ሲስማሙ አንደኛው ሰው ይህ ለድምፅ ገመድ እንጂ ለወፍራም የኃይል ገመድ አይሠራም አለ። ለወፍራሙ መሬት ላይ በስምንት ቅርጽ ማስተኛት እንደሚሻል ተነገረው። ተናደደ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለምን እንደተጣሉ አልገባኝም።

መልስ 28 በ120 ቮልት አገር የሚሠራ ሰው ነው። እዚህ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ለእሱ እንደማይሆን አስታወሰ። ለዚያው ዋት ከረንቱ እጥፍ ይሆናል፤ የሚጠፋው ቮልትም እጥፍ፤ በመቶኛ ሲታይ ደግሞ አራት እጥፍ። ስለዚህ እነሱ ለረጅም ርቀት 12 ጌጅ፣ 3.3 ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው፣ ወይም ባለ 10 ጌጅ ገመድ ይወስዳሉ። በጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። የእነሱ ገመድ ላይ ኤስኦኦደብልዩ ተብሎ ይጻፋል፤ ለከባድ አገልግሎት የተሠራ፣ ውስጡም ውጪውም ዘይት የሚችል፣ ለውጪ የሚሆን ማለት ነው።

መልስ 29 የጠያቂው ነው። የብሬከር ሰሌዳውን ፎቶ ለጠፈ። ሲ16 ይላል። በ5 የተሰላው ጉዳይ የእሱ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። አርሲዲም አለ፤ ቁልፉን ሲጫነው መቷል። ባለ 2.5 ጎማውን ለመግዛት ወስኗል፤ ለመሸከም እንዲቀለው ግን 25 ሜትር 25 ሜትር አድርጎ በሁለት።

መልስ 30 ውሳኔውን አልተቃወመም፣ ግን መሀል ላይ አንድ መገናኛ ተጨመረ። መገናኛው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ውሃ በማያቆርበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ውጪ ከሆነ የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃው ቢያንስ አይፒ44፣ ውሃ ሊተኛበት ከሚችል አይፒ67። ዙሪያውን በፕላስተር መጠቅለል ውሃውን ውስጥ ያስቀራል እንጂ አይከላከልም። ስፒናውን ራሱ የሚገጥም ከሆነ የቀጫጭን ክሮቹን ጫፍ በሶልደር እንዳይበይድ አስጠነቀቀው። ሶልደር በብሎን ሲጠበቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ይላላል፣ ይሞቃል። ጫፉ ላይ የሚጨመቀው ትንሽ ቱቦ ነው ትክክለኛው። ልባሱም በማጥበቂያው መያዝ አለበት፤ ገመዱ ሲጎተት ሽቦዎቹ ሳይሆኑ ልባሱ ይጎተት። በ500 ቮልት ሲለካ በሽቦዎቹና በኧርዙ መካከል ቢያንስ 1 ሜጋኦም ማሳየት እንዳለበትም ነገረው።

መልስ 31 የዚያችው የ5ኛዋ ባለሙያ ነው። አጭር ነው። 50 ሜትሩ ለምን አስፈለገ ብላ ጠየቀች። እስካሁን ይህን የጠየቀ አልነበረም። ከመድረኩ አጠገብ ሌላ መውጫ የለም ወይ?

መልስ 32 ላይ ልጁ ከመድረኩ በስተኋላ ሰማያዊ ባለ 32 አምፒር ሶኬት እንዳለ፣ የእሱ ስፒና ስለማይገባበት እንደተወው ጻፈ። አጭር ባለ 6 ገመድና በየመስመሩ ባለ 16 ብሬከርና አርሲዲ ያለበት ማከፋፈያ ሳጥን ቢያገኝ ረጅሙ ገመድ ጭራሽ ላያስፈልገው ነው። ሳጥን የሚያከራይ ሰው ሊጠይቅ ሄደ። ከሥሩ አንድ ሰው የጋፈር ቴፕ ሙጫ ከጎማ ገመድ ላይ በምን እንደሚለቅ ጠይቋል፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።